ስለ መተንፈሻ መሣሪያ ሲነገር ስለ ምግቡም ይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ለሆስፒታሎች የመተንፈሻ መሣሪያ ተሰጠ የሚል ዜና ባነበብሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጎጃም ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ብዙ ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝና አንድ መሣሪያ መጨመሩ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ መሣሪያ አጥተን አምቡ ባግ የሚባለውን የአየር መግፊያ ከረጢት በእጃችን እየተፈራረቅን ስንጨምቅ ያነጋንባቸው ሌሊቶች ዛሬም ከዓይኔ አልጠፉም። ይሁን እንጂ ዜናው ሁልጊዜ የመሣሪያውን ብዛት ይነግረናል እንጂ መሣሪያው በየትኛው አሠራር ተስተካክሎ፣ ከምን ዓይነት አመጋገብና ከየትኛው የላቦራቶሪ ምርመራ ጋር እንደሚሠራ አይነግረንም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። የመሣሪያውን አሠራር፣ እኛ ሞድ የምንለውን፣ መምረጥ ማለት የታካሚው ሰውነት በዚያ ቀን ምን ያህል ጉልበት እንደሚያቃጥል መወሰን ማለት ነው፤ ስለዚህ ሞዱ፣ የማስተኛ መድኃኒቱና ምግቡ በየፊናቸው ሳይሆን በአንድ ጠዋት፣ በአንድ አልጋ አጠገብ፣ አንድ ላይ መወሰን አለባቸው ብዬ አምናለሁ።

ጤነኛ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፤ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያስወጣል። ከኦክስጅኑ ውስጥ ለመተንፈሻ ጡንቻዎች የሚውለው ከ5 በመቶ በታች ስለሆነ ለመተንፈስ ደከመኝ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ሳንባ በኢንፌክሽን ሲሞላና ሲጠጥር ግን ይህ ድርሻ 20 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። በጎድኖቹ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ እየተርገበገበ በደቂቃ 40 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው፣ አልጋ ላይ የተኛ ይምሰል እንጂ፣ ሸክም ተሸክሞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት እንደተያያዘ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ሌሊትም አያርፍም።

የመተንፈሻ መሣሪያ የሚገባው ይህን ሸክም ለመካፈል ነው። ምን ያህሉን እንደሚካፈል የሚወስነው ሞዱ ነው። አሲስት ኮንትሮል በምንለው ሞድ ታካሚው ትንፋሽ ቢጀምርም ባይጀምርም መሣሪያው የታዘዘውን ሙሉ ትንፋሽ ይሰጠዋል። በፕሬዠር ሰፖርት ግን ትንፋሹን የሚጀምረውም የሚጨርሰውም ታካሚው ነው፤ መሣሪያው የሚያደርገው በተወሰነለት ግፊት ማገዝ ብቻ ነው። ሲምቭ የሚባለው ሁለቱን ያፈራርቃል፤ የተወሰኑት ትንፋሾች ሙሉ በሙሉ ከመሣሪያው የሚመጡ ናቸው፣ በመካከል ያሉት የታካሚው ናቸው።

ብዙዎቻችን አሲስት ኮንትሮል ላይ ያለ ታካሚ ዐርፏል ብለን እናምናለን። እኔም ለረጅም ጊዜ ያመንሁት ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን መሣሪያውን ለመቀስቀስ የተኮማተረው ድያፍራም፣ ከሳንባ ሥር ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ አየሩ መግባት ስለጀመረ ብቻ ሥራውን አያቆምም፤ ትንፋሹ እስኪሞላ ድረስ መሳቡን ይቀጥላል። አየሩ የሚገባበት ፍጥነት በደቂቃ 40 ሊትር ላይ ተስተካክሎ ታካሚው 70 የሚፈልግ ከሆነ፣ ሰውየው በመሣሪያው እየታገዘ ሳይሆን ከመሣሪያው ጋር እየታገለ ነው። ይህን ለማወቅ ሌላ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም፤ ስክሪኑን ቆም ብሎ ማየት በቂ ነው። አየሩ ሲገባ ወደ ላይ ጎበጥ ማለት የነበረበት የግፊት መስመር መሐል ላይ እንደ ማንኪያ ከጎደጎደ ታካሚው አየር ተርቧል ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ የፍጥነቱን ቁልፍ ትንሽ ማዞር ብቻ የልብ ምቱን በደቂቃዎች ውስጥ ሲያረጋጋው አይቻለሁ።

ስለ ሲምቭም አንድ ነገር ልበል። ታካሚው በመሣሪያው ትንፋሾች መካከል በራሱ እየተለማመደ ቀስ በቀስ ይላቀቃል የሚለው ሐሳብ በጽሑፍ ሲነበብ ያሳምናል። በአንጎል ያለው የትንፋሽ ማዕከል ግን የሚቀጥለው ትንፋሽ የመሣሪያው ይሁን የራሱ አስቀድሞ ሊያውቅ ስለማይችል ለሁለቱም ተመሳሳይ ጉልበት ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው፣ ስፔን ውስጥ በተሠራው ጥናት በቀን አንድ ጊዜ ያለ ድጋፍ እንዲተነፍሱ የተሞከሩ ታካሚዎች በዚህ ዓይነቱ የማፈራረቅ ዘዴ ከሚላቀቁት 3 እጥፍ ያህል፣ በፕሬዠር ሰፖርት ከሚላቀቁት ደግሞ 2 እጥፍ ያህል ፈጥነው ከመሣሪያው ወጥተዋል። ይህን ስል ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ሞድ አለ ማለቴ አይደለም። በበቂ ሁኔታ የተደገፈ ታካሚ በየትኛውም ሞድ ቢሆን የሚያቃጥለው ኦክስጅን ብዙ አይለያይም፤ ጉዳቱ የሚመጣው ስሙ የተጻፈው ሞድ ድጋፍ እየሰጠ ነው ብለን ታካሚውን ማየት ስንተው ነው።

ነገሩን በአንድ ታካሚ ላሳይ። ከጮቄ ተራራ ሥር በሳንባ ምች ተይዞ የመጣ ወጣት ነበር። ፕሬዠር ሰፖርት ላይ ነበር፤ ድጋፉ ግን አነስተኛ ነበር። ትኩሳቱ 39.5፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 140፣ ትንፋሹ 38 ነበር። የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራልና ይህ ልጅ በትንፋሹም በትኩሳቱም ሲቃጠል ነበር። ሐኪሙ ወደ አሲስት ኮንትሮል ቀየረው፣ የማስተኛ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ትኩሳቱም በመድኃኒትና በቀዝቃዛ ጨርቅ እንዲወርድ ተደረገ። የአንዱ ትንፋሽ መጠን ከቁመቱ በሚሰላው ክብደት በኪሎ 6 ሚሊ ሊትር እንዲሆን ተወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የወጣው ትልቅ ጥናት እንዳሳየው በሳንባ ብግነት በተጠቁ ታካሚዎች ላይ ከ12 ይልቅ 6 ሚሊ ሊትር መስጠት የሞቱን መጠን ከ39.8 ወደ 31 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ከሁለት ሰዓት በኋላ የልብ ምቱ ወደ 108 ወረደ። ገና አንድ ፍሬ ምግብ ሳይቀምስ የጉልበት ወጪው እንዲህ ቀነሰ።

እናቱ ግን የምታየው ልጇ አለመብላቱን ነው። በየቀኑ ጠዋት ከተከራየችበት ቤት አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ትመጣና በር ላይ ትቆማለች። «ልጄ፣ እህል ከቀመሰ ስንት ቀኑ ነው? ባዶ ሆዱን እንዴት መድኃኒት ይችላል?» ትለኛለች። ጊዜው ዓቢይ ጾም ስለነበር ወተት መጨመር ይቻል እንደሆነ ንስሐ አባቷን ጠይቃ ለሕመምተኛ ተፈቅዶላት ነበር። ጥያቄዋ የእናት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ እኛ ልንጠይቀው ይገባን የነበረ የሕክምና ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ ሆስፒታሎቻችን በቱቦ የሚሰጥ የተዘጋጀ ምግብ ስለሌላቸው ታካሚው የሚመገበው ቤተሰቡ ያመጣውን ነው፤ እኛም በ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እየቀዳን በአፍንጫው በገባው ቱቦ እንልካለን። የተሰጠውን ሚሊ ሊትር እንጽፋለን፤ ካሎሪውን ግን አንጽፍም።

አንድ ቀን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን አሰላነው። ልጁ 55 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በኪሎ 25 ካሎሪ ቢታሰብለት በቀን 1,375 ካሎሪ፣ በኪሎ 1.3 ግራም ፕሮቲን ቢታሰብ 72 ግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነቱ የራሱን ክምችት እያወጣ ስለሚያቃጥል ከካሎሪው ከ70 በመቶ ያልበለጠውን ብቻ መስጠት ይመከራል። እናቱን ስንጠይቃት የቀኑ አጥሚት በሙሉ የሚሠራው ከአንድ ኩባያ የአጃ ዱቄት፣ በደጋው አጠራር ከእንግዶ፣ ነበር፤ በእኛ ግምት 120 ግራም ያህል። ይህ ከ450 ካሎሪና ከ20 ግራም ፕሮቲን ብዙም አይዘልም። ቀጭኑ ቱቦ እንዳይደፈንባት አጥሚቱን በውኃ ታቀጥነው ስለነበር መጠኑ ሲታይ የበቃው ይመስል ነበር። ልጁ እየተራበ ነበር፤ መዝገቡ ላይ ግን 1,600 ሚሊ ሊትር «ታግሷል» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት መጣ፤ ይህን ሳልደብቅ መናገር አለብኝ። ስሌታችንን የሰማ ሁሉ ሊረዳ ፈለገ። ወተት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የተፈጨ ለውዝ ተጨመረበት፤ በስድስተኛው ቀን ወደ ሰውነቱ የሚገባው ከ3,000 ካሎሪ በላይ ሆነ። ልጁ ግን ያን ጊዜ ትኩሳቱ ወርዶ፣ በማስተኛ መድኃኒት ተኝቶ፣ ትንፋሹን መሣሪያው ይዞለት የጉልበት ፍላጎቱ ከመጀመሪያው ቀን በጣም ቀንሶ ነበር። ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ለተጠቀመበት 10 እጅ ኦክስጅን 7 እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስታርችና ስኳር ሲያቃጥል 10 ለ10 ይሆናል፤ የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ሲቀይር ደግሞ ከገባው ኦክስጅን የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ዋናው ጥፋት የስኳሩ ድርሻ ሳይሆን ጠቅላላው ከፍላጎት መብለጡ ነው። የትንፋሹን መጠን ለሳንባው ደኅንነት ብለን አሳንሰን ስለነበር ይህን ተጨማሪ ጋዝ ማውጫ መንገዱ ጠባብ ነበር። በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨመረ፤ የመሣሪያው የትንፋሽ ቁጥር መጨመር ግድ ሆነ፤ ሳንባው ባሰበት ተባለ። ሳንባው ግን አልባሰበትም። ምግቡ ወደ 1,400 ካሎሪ ሲመለስ በሁለተኛው ቀን ቁጥሩም ተመለሰ።

ያላየነው ሌላም ነገር ነበር። ልጁ ከታመመ ጀምሮ አሥር ቀን ያህል ብዙም አልቀመሰም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው በድንገት ሲመገብ ኢንሱሊኑ ይነሣና በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ወደ ሕዋሳት ይገባል፤ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚንም ያልቃል። ፎስፌት ደግሞ ጡንቻ ጉልበት የሚያገኝበት ንጥረ ነገር ነው፤ ፎስፌት ያጣ ድያፍራም መሳብ አይችልም። እዚህ ላይ ነው ሞዱና ምግቡ የሚገናኙት። መሣሪያው ቶሎ ቶሎ እንዲተነፍስ ሲደረግ የደሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወርዶ ደሙ ወደ አልካላይን፣ ወደ አሲድ ተቃራኒ፣ ያዘነብላል፤ ይህም በራሱ ፎስፌትን ወደ ሕዋሳት ይነዳል። ምግቡ በአንድ በኩል፣ መሣሪያው በሌላ በኩል አንዱን ንጥረ ነገር ሲያሟጥጡ ታካሚው ሳንባው ድኖ ሳለ ከመሣሪያው መላቀቅ ያቅተዋል። ምግብ በተጀመረ በ72 ሰዓት ውስጥ ፎስፌቱ ከ0.65 ሚሊሞል በሊትር በታች ከወረደ ፎስፌቱን መተካትና ካሎሪውን ቢያንስ ለ48 ሰዓት መቀነስ እንደሚገባ ይታወቃል። እኛ ግን ልናውቅ አልቻልንም፤ በዚያ ሳምንት ላቦራቶሪው የፎስፌት ሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካል፣ አልነበረውም።

የዚህ ሕክምና መነሻ ራሱ የደም ኬሚስትሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሣ በታካሚዎቹ ደም የተገኘው ከፍተኛ የባይካርቦኔት (አሲድን የሚያመጣጥን ንጥረ ነገር) መጠን ምክንያቱ ያልታወቀ አልካሎሲስ፣ የደም ወደ አልካላይን ማዘንበል፣ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የተባለው የማደንዘዣ ሐኪም ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሳይወጣ ተጠራቅሞ መሆኑን ተረድቶ በአንገት በገባ ቱቦ በእጅ አየር እንዲጨመቅላቸው አደረገ፤ 1,500 ያህል ተማሪዎችም ቀንና ሌሊት ተፈራርቀው ጨመቁ። አምቡ ባግ ይዤ ባነጋሁ ቁጥር እነዚያ ተማሪዎች ትዝ ይሉኛል።

ቁጥሩን ማውረድ ብቻውን ማዳን እንዳልሆነ ግን ያስተማረችኝ ሌላ ታካሚ ናት። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ዕድሜዋን ሙሉ በጭስ ውስጥ፣ በኩበትና በእንጨት እንጀራ ስትጋግር የኖረች አሮጊት እናት ገባች። ሳንባዋ በጭሱ ተጎድቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ለዓመታት ያጠራቀመ ነበር፤ ኩላሊቷም ያን ለማመጣጠን ባይካርቦኔት አከማችቷል። አሲስት ኮንትሮል ላይ ተደረገች፤ መጠኑም የትንፋሽ ቁጥሩም ከፍ ተደረገ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዷ ከ80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ የነበረው ወደ 35 ወረደ። ተረኛው እኔ ነበርሁ፤ በመዝገቡ ላይ «ተሻሽላለች» ብዬ የጻፍሁትም እኔ ነኝ። ከዚያ ጣቶቿ ተኮማትረው አልዘረጋ አሉ፤ የልብ ምቷም ተዛባ። በደም ውስጥ አሲድ የሚሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በድንገት ሲወጣ የተከማቸው ባይካርቦኔት ብቻውን ቀርቶ ደሟ አልካላይን ሆኖ ነበር፤ በዚህም የነጻው ካልሲየምና የፖታሲየሙ መጠን ወርዷል። የሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ኩላሊቷ ባይካርቦኔቱን አስወግዶ ስለነበር በራሷ እንድትተነፍስ በተሞከረ ቁጥር የተለመደው ካርቦን ዳይኦክሳይዷ ሲመለስ የሚያመጣጥነው አልነበረም። ከመሣሪያው ሳትላቀቅ አረፈች። ለሞቷ ምክንያት ይህ ብቻ ነበር አልልም፤ ግን አንዱ ይህ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ከፍታ መናገር ያስፈልጋል። መጻሕፍቱ የሚነግሩን 40 የሚለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቁጥር በባሕር ወለል ለሚኖር ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከ760 ይልቅ ወደ 570 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይጠጋል፤ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ የሚገባው የኦክስጅን ግፊትም ከ150 ይልቅ 110 ያህል ነው። በደጋ የሚኖር ጤነኛ ሰው ይህን ለማካካስ ትንሽ በርከት አድርጎ ስለሚተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ40 ዝቅ ይላል። ስለዚህ የአንዱ ታካሚ ትክክለኛ ቁጥር የመጽሐፉ ሳይሆን የራሱ የቀድሞ ቁጥር ነው፤ ለደጋው ጤነኛ ወጣት ዝቅ ያለው፣ በጭስ ለኖረችው እናት ከፍ ያለው።

ታካሚውን ማሳረፍ ጥሩ ነው ብያለሁና ዕረፍቱ ሲበዛም እንደሚጎዳ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ከ18 እስከ 69 ሰዓት ፈጽሞ ሳይሠራ የቆየ ድያፍራም የጡንቻ ክሮቹ በአግድም ሲቆረጡ የሚታየው ስፋት ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የጽኑ ሕሙማን የታፋ ጡንቻ በ10 ቀን ውስጥ 18 በመቶ ያህል እንደሚከሳ ታይቷል። ሙሉ ድጋፍ ለሚቃጠልባቸው ቀናት መድኃኒት ነው፤ ትኩሳቱ ሲወርድና የኦክስጅን ፍላጎቱ ሲቀንስ ግን የማስተኛ መድኃኒቱ በየጠዋቱ ተቋርጦ ታካሚው በራሱ እንዲተነፍስ መሞከር አለበት። ያን ቀንም ምግቡ እንደገና መሰላት አለበት፤ ጡንቻው ሥራ ጀምሯልና።

እንግዲህ ለመሣሪያው ገንዘብ የሚያወጡ ወገኖችም ሆኑ ጋዜጣችሁ ስለ መሣሪያ በሚነገርበት ጊዜ የሚከተሉትንም እንድትጠይቁ በትሕትና እለምናለሁ። ከመሣሪያው ጋር የደም ጋዝ መመርመሪያና ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ካርትሪጅ መጥቷል ወይ? ላቦራቶሪው ፎስፌትና ማግኒዥየም ይለካል ወይ? ታያሚን በመድኃኒት ቤቱ አለ ወይ? ታካሚውን አልጋው ላይ እንዳለ የሚመዝን ሚዛን፣ ምግቡን የሚያሰላ የሥነ ምግብ ባለሙያ አለ ወይ? ከእነዚህ ብዙዎቹ ከአንድ መሣሪያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ በጣም ርካሽ ናቸው፤ የታያሚን ዋጋማ ለማንም ይታወቃል።

እኛ በበኩላችን በመከታተያ ቅጹ ላይ፣ ከሞዱና ከትንፋሽ መጠኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ቦታ፣ በየጠዋቱ ሁለት መስመር በእጃችን እንጽፋለን፤ ትናንት የገባው ካሎሪና ፕሮቲን ስንት ነው፣ ዛሬ የሚያስፈልገው ስንት ነው። ቤተሰብ አጥሚት ሲያመጣም ከስንት ኩባያ ዱቄት እንደተሠራ እንጠይቃለን፤ እናቶች ይህን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ መጠኑንም ከእኛ ይልቅ በትክክል ያስታውሳሉ። ያ ወጣት በአሥራ አራተኛው ቀን ከመሣሪያው ወጣ፤ ቱቦው እንደወጣ በመጀመሪያ በደከመ ድምፅ የጠየቀው እናቱ የት እንዳለች ነበር፤ እሷ ግን ፔርሙሷን እንደያዘች በር ላይ ቆማ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ
ከምሥራቅ ጎጃም